ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ሱሉልታ

ባለፈው ጥር፣ ሰኞ ዕለት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ ከቤቴ ወደ አስፋልቱ በሚወርደው ኮረኮንች መንገድ ላይ ጅብ ገጠመኝ። ሱሉልታ ቤት ሠርቼ ከገባሁ 12 ዓመት ሆኖኛል፤ ባዮሎጂ የማስተምረው ግን አዲስ አበባ ነው። የመጀመሪያውን ታክሲ ካላገኘሁ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጠኛል፤ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በጨለማ እወጣለሁ። ጅብ በሩቁ ስሰማና ሳይ ኖሬያለሁ። የዚያን ዕለቱ ግን አሥር እርምጃ እንኳ አይርቅም ነበር። ቆሻሻው የሚጠራቀምበት ጥግ ቆሞ የበሬ መንጋጋ ይቆረጥማል።

ድምፁ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። እንጨት በጉልበት ሲሰበር ያለ ድምፅ ነው፤ ግን እርጥበት አለው። የስልኬን መብራት ሳበራ ዓይኖቹ አበሩ። የግራ ጆሮው ጫፍ ተተልትሏል፤ ሆዱ ሥር ጭቃ ደርቆበታል። እያየኝ ማኘኩን አላቋረጠም። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸውን ለራሴ ነገርኳት፦ አትሩጪ፣ ጀርባሽን አትስጪ። ቦርሳዬን ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ አንድ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ ወደ ኋላ ራቅሁ። እሱም መንጋጋውን በአፉ አንጠልጥሎ፣ ኋላው ዝቅ እንዳለ፣ በቦዩ ውስጥ ወደ ድንጋይ ካባው ወረደ። እሱ እላለሁ እንጂ በጅብ ዘንድ ትልቋም አዛዧም ሴቷ ናት፤ በዚያ ጨለማ ለይቶ የሚያውቅ የለም።

ልቤ ገና ሳይረጋ ከኋላዬ የሰው ድምፅ ሰማሁ። ሁለት ሴት ልጆች ክንድ ለክንድ ተያይዘው ጮክ ብለው እያወሩ ይመጣሉ። የአበባ እርሻ ሠራተኞች ናቸው፤ ሰርቪሱ የሚጭናቸው አስፋልቱ ላይ ነው። አንደኛዋ ዱላ ይዛለች። ሲደርሱብኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ቲቸር፣ አለ እንዴ?" አለችኝ። ማን ብዬ አልጠየቅኋትም። "አለ፤ ወደ ካባው ሄዷል" አልኳት። ሦስታችንም አብረን ወረድን።

"አለ እንዴ?" የሚለውን ጥያቄ ሰበታም ቡራዩም ሰምቼዋለሁ። ስለ ጅብ ከተማ ውስጥ ሲወራ ግን የምሰማው ሌላ ነው። አንዱ፣ "ጅቡ በዝቷል፣ መርዝ ይጣልለት" ይላል። ሌላው፣ "መሬቱ የጅቡ ነበር፣ ሰው ነው የሄደበት" ይላል፤ ይህን የሚለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቤቱ በመኪና የሚገባ ሰው ነው። ሁለቱም ለእነዚያ ልጆች አይበጇቸውም። ጅቡን ወደ ደጃችን የሚጠራው የምንጥለው አጥንት ነው። ሰው ላይ የሚደርሰው ደግሞ ድሃው በጨለማ እንዲሄድና ደጅ እንዲያድር ስለተፈረደበት ነው። መርዝ ከሁለቱ አንዱንም አያስቀርም፤ የባሰ ጣጣ ይጨምራል እንጂ። ይህን የምለው ዓይኔ ካየው ተነስቼ ነው።

ያደግሁት ሰበታ፣ ወጨጫ ተራራ ሥር ነው። ከበላያችን የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ትእዛዝ ከወፍ ዋሻ በመጣ የጽድ ዘር እንደተተከለ የሚነገርለት ጥንታዊ ደን። ጉሬዛ ነጭ ጭራውን አንዘርፍፎ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል፣ ድኩላ ማለዳ ከደኑ ዳር ቆሞ ሲያይ ማየት ለእኛ ብርቅ አልነበረም። እናቴ ጅብን ማታ በስሙ አትጠራውም፤ "አያ" ነበር የምትለው። ሕጓ ግን ጥብቅ ነበር። ጥጃ ጀምበር ሳትጠልቅ ይገባል። አጥንት ማታ ደጅ አይጣልም። ቤታችን በግ ሲታረድ አባቴ ከእርዱ በፊት ጉድጓድ ይቆፍር ነበር፤ ፈርሱና ደሙ እዚያ ገብቶ አፈር ይመለስበታል፣ ድንጋይ ይጫንበታል። እናቴ አጥሩ ሥር ሳይቀር ውኃ ታፈስ ነበር። ጅቡ ሌሊት ሲጮህ እንሰማለን፤ ያ ከዝቅታ ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣው ጩኸቱ ጸጥ ባለ ሌሊት እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይሰማል። በደጃችን ግን የሚያቆመው ነገር ስላልነበረ ያልፋል።

አሁን ያ ሕግ የለም። ቅዳሜ በየሰፈሩ ቅርጫ ይታረዳል፤ ሥጋው ተመድቦ ዕጣ ይጣልበትና ሰው መደቡን በፌስታል ይዞ ይገባል። የራስ ቅሉ፣ ሸሆናው፣ ፈርሱ ወንዝ ዳር ይቀራል። ሥጋ ቤቶቹም አጥንታቸውን ማታ በማዳበሪያ አውጥተው ከቆሻሻው ጋር ይከምሩታል፤ የሚያነሳው ጋሪ ወይም መኪና ሲመጣ ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ነው። የሚተኛበትንም ያዘጋጀንለት እኛ ነን፦ ድንጋዩ ወጥቶ ያለቀ ካባ፣ መንገድ ሥር የተቀበረ ትልቅ ቱቦ፣ ተጀምሮ የቆመ ሕንፃ ምድር ቤት። ጅብ ከዚህ የተሻለ ሰፈር ከየት ያገኛል?

ምግቡ ከእኛ ማዕድ ጋር ምን ያህል እንደተቆራኘ ትግራይ ውስጥ የተደረገ አንድ ጥናት በደንብ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ነው። ተመራማሪዎቹ ከሁዳዴ በፊት፣ በሁዳዴና ከፋሲካ በኋላ የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ በውስጡ ያለውን ፀጉር ለዩ። ኩሱን ለማግኘት አይቸግርም፤ ከሚበላው አጥንት የተነሳ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል። ከጾሙ በፊት የአህያ ድርሻ 15 በመቶ ግድም ነበር። ሥጋ ቤቱ በተዘጋባቸው በ55ቱ የጾም ቀናት ወደ 33 በመቶ ወጣ፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ወደ 22 በመቶ ግድም ወረደ። አጥንት ሲጠፋ ጅቡ ወደ አህያ ዞረ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ለዚህ የተመቻቸ ነገር አለ። አህያ ዕድሜዋን ሙሉ ውኃና ጡብ ስትሸከም ትኖርና ስታረጅ ሜዳ ላይ ትለቀቃለች። ከሱሉልታ መውጫ፣ መንገዱ ዳር ቀና ብለው መቆም ያቃታቸውን አህዮች ያላየ መንገደኛ የለም። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ውለታዋ ይቅር ቢባል እንኳ፣ ጅቡን መንገድ ዳር አደን ማስተማር ነው።

ጅቡ ባይኖርስ? እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ስለ መቀሌ ነው። በዚያች ከተማ ጅቦች በዓመት 207 ቶን የእንስሳት ጥንብና ተረፈ እርድ እንደሚያነሱ ያሰላል። ይህም በየዓመቱ 5 ሰዎችን፣ እንዲሁም 140 ከብት፣ በግና ፍየል ከአባሰንጋና ከከብት ነቀርሳ እንደሚያድን ይገምታል። ያለ ደመወዝ፣ ያለ ነዳጅ፣ ሌሊት የሚሠራ የጽዳት ሠራተኛ ነው። ሐረሮች ይህን ከማንም በፊት አውቀውታል። በጀጎል ግንብ ላይ ጅብ የሚገባባቸው ቀዳዳዎች አሉ፤ በአሹራ ቀን ገንፎ ይቀርብለታል። ሐረርን ግን ሱሉልታ ላይ እንቅዳ አልልም። የእነሱ የብዙ ዘመን ውል ነው፤ ሰውም ጅቡም ድንበሩን ያውቃል። እኛ ዛሬ ተነስተን ሥጋ ብንወረውርለት ፍርሃቱን እናስጥለዋለን፤ ፍርሃቱን የጣለ ጅብ ደግሞ አደገኛ ነው።

ወደ መርዙ ልምጣ። ከሦስት ዓመት በፊት በሰፈራችን አንድ ጥጃ ተበላ። ባለቤቷ መበለት ናት፤ ያቺ ጥጃ የዓመት ተስፋዋ ነበረች፤ እንባዋን አይቻለሁ። ማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ሳንባ በመርዝ ለውሶ ወንዝ ዳር ጣለ። ማለዳ ሕፃናት ጠርተውኝ ወረድኩ። አንድ ጅብ እግሮቹን ዘርግቶ፣ አረፋ አፉ ላይ ደርቆ ተኝቷል። ከእሱ ወዲህ አራት ውሾች፤ አንዷ የጎረቤቴ ናት፤ ጡቶቿ ገና ወተት አግተዋል። ከውኃው አጠገብ ሰባት ቁራዎች ቆጠርኩ፤ ያ ጭንቅላቱ ኋላ ነጭ የሆነው፣ ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ ወፍራም የሆነው፣ የኢትዮጵያና የአካባቢዋ ብቻ የሆነው ቁራችን። አንዲት ጥምብ አንሳ ክንፏን ዘርግታ ለመነሳት ትታገላለች። አልቻለችም። እስክትሞት አጠገቧ ቆምኩ፤ ከዚያ ልጆቹን ወደ ቤታቸው ሰደድኩ።

በዚያ ሳምንት የቅርጫውን ትርፍራፊ የሚያነሳው ጠፍቶ ወንዙ ዳር ሸተተ። በወሩ ደግሞ ከወዲያ ማዶ የማናውቃቸው ውሾች መጡ። ስምንት፣ ዘጠኝ ሆነው በመንጋ የሚሄዱ፣ ባለቤት የሌላቸው። በጅቡ ቦታ የገቡት እነሱ ናቸው። ከእነሱ አንዱ የጎረቤቴን የ9 ዓመት ልጅ ባቱን ነከሰው። እናቱ ነጭ ሽንኩርት ጨፍልቃ አሰረችለት። እኔ የሰማሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ይዘነው ሄድን፤ መጀመሪያ የሄድንበት ክትባቱ አልቋል አለን፤ በማግስቱ ሌላ ቦታ አገኘን። ልጁ ዛሬ ደኅና ነው፤ ኳስ ሲጫወት ባየሁት ቁጥር ያቺ አራተኛ ቀን ትታወሰኛለች። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ በዚህ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው ይሞታል፤ ሰው ከተያዘባቸው አጋጣሚዎች 99 በመቶው የሚመጣው ከውሻ ነው። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር መከተብ አለበት። ትልልቆቹ ሰዎች ፓስተር የሚባለው የጤና ተቋም ሄደው ሆዳቸው ላይ ቀን በቀን ስለተወጉት መርፌ ሲያወሩ ልጅ ሆኜ እሰማ ነበር፤ ያ ፍርሃት አሁንም ሰውን ከጤና ተቋም ያስቀረዋል። ዛሬ በዘመናዊው ክትባት የሚወጋው ክንድ ላይ ነው።

የዚያ ልጅ ንክሻ ከመርዙ የመጣ ነው ብዬ መማል አልችልም። ጥምብ አንሳ ሲጠፋ ግን ምን እንደሚከተል ህንድ ውስጥ በግልጽ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለከብት የሚሰጥ ዲክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ ጥንቡን የሚበሉትን አሞሮች ፈጃቸው። ጥንቡ ሜዳ ላይ ቀረ፤ ውሻው በዛ፤ ውኃው ተበከለ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የምጣኔ ሀብት ጥናት ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት በዚህ ምክንያት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ተጨማሪ ሞቷል ብሎ ገምቷል። እዚያ አሞራውን ይገድላል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። እኛ ግን መርዙን የምንጥለው ሆን ብለን፣ በገዛ እጃችን ነው። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ መግደል ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ጅብ ሰው አይበላም ማለቴ አይደለም። ይበላል። ማንን እንደሚያገኝ ግን እንይ። እህቴ ቡራዩ፣ ወደ ገፈርሳ በሚወስደው በኩል ትኖራለች። ከቤቷ ጎን ፎቅ ሲሠራ አንድ ጥበቃ ነበር፤ ከገጠር የመጣ፣ ዕድሜው ሃያዎቹ መጀመሪያ። አንድ ሌሊት ጅብ ትከሻውን ይዞ ጎተተው፤ ጮሆ ሰው ደረሰለት። ሆስፒታል ልጠይቀው ከእህቴ ጋር ሄጄ ነበር። "እትዬ፣ እንቅልፌ ነው ያስበላኝ" አለኝ፤ ጥፋቱን በራሱ ላይ አድርጎ። ከዚያ ወደ ቦታው ሄጄ አየሁ። የሚተኛው ሸራ ሥር ነው፤ በሦስት በኩል የተወጠረ፣ በአራተኛው በኩል ክፍት። አምስት እርምጃ ራቅ ብሎ የሲሚንቶ መጋዘን አለ፦ ቆርቆሮ ግድግዳ፣ ቆርቆሮ በር፣ ጓጉንቸር ቁልፍ። ሲሚንቶው በር ተዘግቶበት ያድራል፤ ልጁ ደጅ።

ጅብ ይዞት ሄደ የሚባልን ሰው ወሬ በሰማሁ ቁጥር ያ ሸራ ፊቴ ላይ ይመጣል። ሌሊት ሜዳ ላይ የሚያድር ጥበቃ፣ ቤት አጥቶ ቱቦ ውስጥ የሚተኛ ሕፃን፣ በላስቲክ ቤት የተጠጋች እናት፣ ለአንድ ቀን ክፍያ ብላ በ11 ሰዓት የምትወጣ ልጅ። ሰው የሚባለው አንድ ዓይነት ይመስል "ጅብ ሰው በላ" እንላለን።

በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ገብተዋል። ዋና መንገዱ ሲሰፋና ሲበራ አይቻለሁ፤ ጥሩ ነው። ሠራተኛው ግን ከዋናው መንገድ ላይ አይኖርም። መብራቱ የሚያስፈልገው ከአስፋልቱ እስከ ሰፈሩ ባለችው በዚያች ኮረኮንች ላይ ነው። ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ግን የአጥንቱን ነገር ነው፤ ምክንያቱም ርካሹም ፈጣኑም እሱ ነው። ሥጋ ቤት አጥንቱን ክዳን ባለው በርሜል ያስቀምጥ፤ ማታ ሳይመሽ ይነሳ። ይህን ለማስፈጸም አዲስ ጥናት አያስፈልግም፤ ፈቃድ የሚሰጠው አካል የፈቃዱ ግዴታ ቢያደርገው ይበቃል። ቅርጫ የሚያርደው ማኅበርም እንደ አባቴ ከእርዱ በፊት ጉድጓድ ይቆፍር። ጥበቃ የሚቀጥር ሁሉ በር ያለው ጎጆ ይሥራለት፤ ለሲሚንቶው የገዛው ቆርቆሮ ለሰውም ይበቃል። የአበባ እርሻና የፋብሪካ ሰርቪሶች እስከ ሰፈሩ መግቢያ ይድረሱ። ውሻ ያለው ያስከትብ፤ ቡችላ በዛብኝ ብሎ ገደል አፋፍ አይጣል። ጅቡ መንደር ውስጥ ወልዶ ሲገኝ ወይም ቀን ለቀን ሰው ሲደፍር ደግሞ ሕዝቡ ሳይሆን የዱር እንስሳ ባለሙያ ይጠራ።

በጓሯችንም ያው ችግር አለ፤ የሚጠቅመንን እንስሳ እናባርራለን። ባለፈው ክረምት ጉጉት የጣሪያዬ ጠርዝ ላይ ማደር ጀመረች። ጎረቤቶቼ "ሞት ትጠራለች፣ አባሪያት" ብለው መከሩኝ። አላባረርኳትም። ከሥሯ የማገኘውን፣ ፀጉርና አጥንት ተድበልብሎ የደረቀውን ትፋቷን በየሳምንቱ ፈልቅቄ ለተማሪዎቼ እወስዳለሁ፤ ባለፈው ጊዜ ከአንዱ ብቻ ሦስት የአይጥ የራስ ቅል ወጣ። እሷ ከመጣች ወዲህ የአይጥ መርዝ አልገዛሁም።

የሱሉልታ ሜዳ ጉዳይም እረፍት ይነሳኛል። ክረምት ሲገባ ውኃ የሚተኛበት፣ ባለ ሰማያዊ ክንፏ ዝይ ጥንድ ጥንድ ሆና የምትግጥበት ሜዳ ነው። ይህች ዝይ በዓለም ላይ ያለችው በኢትዮጵያ ደጋ ብቻ ነው፤ ገፈርሳ ግድብ ዳርም ትገኛለች። ሜዳው በገረጋንቲ እየተሞላ ነው። ከእንጦጦና ከወጨጫ የሚወርዱት ወንዞች ዳርና ዳራቸው ሳይታጠር ቢቀር አውሬውም በዚያ ያልፍ ነበር፣ ጎርፉም በዚያ ይወርድ ነበር። ወንዙን አጥር ውስጥ ስናስገባው ሁለቱም በእኛ በር ያልፋሉ።

ከዚያች የጥር ሰኞ ወዲህ ከሁለቱ የአበባ እርሻ ልጆች ጋር ተቀጣጥረን ነው የምንወርደው። አሁን አምስት ሆነናል፤ አንዲት ቂጣ የምትሸጥ እናትና አንድ የጋራዥ ልጅ ተጨምረዋል። በዚህ ሳምንት ውርጭ ጥሎ መንገዱ ነጭ ሆኖ አደረ። ዱላ የምትይዘው ልጅ ድንገት ቆማ መሬቱን በስልኳ አበራች። "ቲቸር፣ የውሻ ነው?" አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። አራት ጣት፣ ጥፍሩ የወጣ፣ የፊተኛው ከኋለኛው ይሰፋል፤ ውርጩ ላይ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። ጣቷን ይዤ በፊተኛው ዱካ ላይ አዞርኩላት፤ መዳፏን ሊሞላው ምንም አልቀረው።

"የእሱ ነው" አልኳት። "አልፏል። ከሰዓታት በፊት ነው ያለፈው፤ ጠርዙ ላይ ውርጭ ተመልሶበታል።"

ሌሎቹም አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ አዩት። ከዚያ ሰርቪሱ ጡሩንባ ሲነፋ ሰማን፤ እየሮጡ ወረዱ።